የስንት ኩንታል እንደሆነች ጎማዋ ይናገር

መርሳ ላይ የመኪና ሽያጭ የሚጀመረው በቡና ነው። ሻጭ አለ፣ ገዢ አለ፣ ሁለት ሦስት ደላላ አለ፣ «ሞተር ያውቃል» ተብሎ የተጠራ መካኒክ አለ፣ ሥራ ፈትቶ የከበበ ተመልካችም አይጠፋም። ሞተሩ ይነሳል፤ ጭሱ ይታያል፤ ካሶኒው ይንኳኳል፤ ሊብሬው ከኪስ ይወጣና የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ይመሳከራል። ከዚህ በኋላ ገዢው ዋናውን ጥያቄ ያነሳል፦ «ለመሆኑ የስንት ኩንታል ናት?» ደላላው ዓይኑን ሳያሽ ይመልሳል፦ «ወላሂ ጋሼ፣ ሃምሳ ኩንታል ይዛ ዐቀበቱን እየዘፈነች ትወጣዋለች!» ዋጋው የሚቆረጠው እንግዲህ በዚህች ቃል ነው።

ይህ ጸሐፊ እንዲህ ካለ ገበያ አጠገብ ደጋግሞ ቆሟል። ወልድያም ቆሟል፣ መርሳም ቆሟል። ይሁንና ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጎን የሚያነብ ገዢ አላጋጠመውም። ጎማ የሚታየው በጥርሱ ብቻ ነው። «ጥርሱ ገና ነው» ይባላል፤ በጫማ ጫፍ ሁለት ጊዜ መታ መታ ይደረጋል፤ በዚሁ ምርመራው ያልቃል። መኪናዋ ስንት ኪሎ እንደምትችል ግን ፋብሪካው እዚያው ጎማው ላይ፣ በማይለቅ ፊደል፣ ጽፎ ሰጥቶናል። እኛ የተጻፈውን ትተን የተነገረውን ስንገዛ ኖረናል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው፦ ያረጀ የጭነት መኪና ዋጋም ሆነ የጭነት ስምምነት መነሻው ደላላው የጠራው ኩንታል ሳይሆን ከስድስቱ ጎማና ከስድስቱ ቸርኬ የደካማው አቅም መሆን አለበት።

ነገሩ አሁን ለምን ተነሳ?

አሮጌ መኪና በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኤንትሬ እየተባለ የሚጠራው ፊያት ስንት ዘመን እንዳገለገለ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት ያረጀውን መኪና ይዞ የመቆየቱ ግፊት በርትቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ሲገቡ የሚከፈለውን ታክስ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ አደረገው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣው ጎማም አብሮ ወጣ። ገዢው አሮጌውን መኪና ይፈልጋል፤ ባለ መኪናው ደግሞ በጎማ ላይ መቆጠብ ይጀምራል። ሁለቱ ሲገናኙ አደጋው እዚያ ላይ ነው።

በእኛ አካባቢ ሌላም ምክንያት አለ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ ውስጥ በነበሩ ጊዜ ንግዱ ቆሞ ነበር። ከዚያም ወዲህ በጸጥታ ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የቆመ መኪና ጎማው አያረጅም የሚል ካለ ተሳስቷል። ጎማ በፀሐይ፣ በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃል፤ አንድ ቦታ ተጭኖ የቆመ ጎማ ደግሞ ባረፈበት ጎኑ ይጎዳል። ስለዚህ ጥርሱ ያልተነካ፣ ውስጡ ግን ያለቀ ጎማ በገበያችን ውስጥ አለ ማለት ነው። «ጥርሱ ገና ነው» የሚለው ምስክርነት ዋጋ ያጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሐራ ገበያ ድረስ ይዘረጋል የተባለው የባቡር መስመር ሥራው በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ተስፋ አድርገን ነበር። እስከዚያው ግን የሐብሩን ማሽላና ጤፍ፣ የጊራናን ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከጅቡቲ በሚሌ በኩል የሚመጣውንም ሸቀጥ የተሸከመው ጎማ ነው። ጎማ የንግዳችን መሠረት ከሆነ ስለ ጎማ ማወቅ የሾፌር ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ሥራ ነው።

ጎማው ምን ይላል?

የጎማ ጎን ላይ ብዙ ጽሑፍ አለ። ነጋዴው ሁሉንም ማወቅ አይጠበቅበትም፤ አራቱን ካወቀ ይበቃዋል።

አንደኛው መጠኑ ነው። በብዙ ኤንፒአር አይሱዙዎች ላይ የምናየው 7.50 በ16 የሚለው ነው። ይህ ቁጥር ጎማው ለየትኛው ቸርኬ እንደሚሆን ይናገራል እንጂ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም አይናገርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጎማዎች አንድ ዓይነት መጠን ኖሯቸው አቅማቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል።

ሁለተኛው የጭነት መለያ ቁጥር ነው። በሁለት ቁጥሮች መካከል ሰረዝ ተደርጎ ይጻፋል፤ ከጎኑም የፍጥነት ፊደል ይከተለዋል። ለምሳሌ 122/118 ከተባለ የመጀመሪያው ጎማው ብቻውን ሲሆን፣ ሁለተኛው በድርብ ሲታሰር የሚችለው ነው። ቁጥሩ ራሱ ኪሎ አይደለም፤ በዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ይፈታል። 122 ማለት 1,500 ኪሎ ሲሆን 118 ደግሞ 1,320 ኪሎ ነው። 116 ማለት 1,250፣ 112 ማለት 1,120 ኪሎ ነው። ወደ ከባዱ መኪና ስንሄድ 143 ማለት 2,725፣ 146 ማለት 3,000፣ 149 ማለት 3,250 ኪሎ ነው። ኋላ በድርብ የታሰረው ጎማ ከፊተኛው ያነሰ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ጎማዎች ጭነቱን ምንጊዜም እኩል አይካፈሉም፤ መንገዱ ሲያዘነብል ወይም አንዱ ንፋስ ሲያጎድል ሌላው ይበዛበታል፤ መሐል ለመሐል ያለው ሙቀትም ቶሎ አይወጣም። የፍጥነት ፊደሉን በተመለከተ ጄ 100፣ ኬ 110፣ ኤል 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው።

ሦስተኛው ፒአር የሚባለው ነው። 10፣ 14፣ 16 እየተባለ ይጻፋል። በገበያ «የአሥራ አራት ክር» ሲባል የምንሰማው ይህንን ነው። ዛሬ ግን ይህ ቁጥር የጥንካሬ ደረጃ እንጂ በውስጡ ያለ የክር ድርብርብ ቆጠራ አይደለም። ፒአሩ ከፍ ሲል ጎማው ብዙ ንፋስ ይይዛል፤ ብዙ ንፋስ ሲይዝ ብዙ ይሸከማል። የሚሸከመው ንፋሱ ነውና ፒአሩ ከፍ ያለ ጎማ ገዝቶ በአነስተኛ ንፋስ ማሽከርከር ትልቅ ጆንያ ገዝቶ ግማሽ እንደመሙላት ይቆጠራል።

አራተኛው ዕድሜው ነው። ዲኦቲ ከሚሉት ፊደሎች በኋላ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 ከተባለ በ2019 በፈረንጆች አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። በሦስት አኃዝ ብቻ የሚያልቅ ካጋጠማችሁ ጎማው የተሠራው ከ2000 በፈረንጆች በፊት ነውና በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። አንዳንድ ጎማ ላይ ከፍተኛው ጭነት በኪሎም በፓውንድም ይጻፋል። አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው። 3,305 የሚል ቁጥር ያየ ደላላ «ሦስት ቶን ይችላል» ቢላችሁ በፓውንድ መሆኑን አሳዩት፤ 1,500 ኪሎ ነው።

እንግዲህ እንቁጠር

የሃምሳ ኩንታሏን መኪና ወደ ሒሳብ እናምጣት። ለምሳሌ ያህል ካሶኒዋንና ነዳጇን ጨምራ ባዶዋን 3,200 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። ሃምሳ ኩንታል ማለት 5,000 ኪሎ ነው። ድምሩ 8,200 ኪሎ ይሆናል።

ጎማዎቿ ሁሉ 122/118 ከሆኑ የፊቶቹ ሁለቱ 3,000፣ የኋላዎቹ አራቱ 5,280፣ በድምሩ 8,280 ኪሎ ይችላሉ። «ታዲያ ምን ችግር አለ? 80 ኪሎም ተርፏል» የሚል ይኖራል። ችግሩ ጭነት ለፊትና ለኋላ እኩል የማይካፈል መሆኑ ነው። ከጠቅላላው 70 በመቶው ኋላ ላይ ያርፋል ብለን ብንነሳ ኋላ ያለው 5,740 ኪሎ ነው። አራቱ ጎማዎች ከሚችሉት በ460 ኪሎ አለፈ። በድምር ያለፈችው መኪና በኋላ እግሯ ወድቃለች። ኋላዋ እንዳያልፍ ከተፈለገ የምትጭነው 43 ኩንታል ግድም ነው።

አሁን ደግሞ ያው መጠን፣ ያው 7.50 በ16፣ ነገር ግን 116/112 የሚል ጎማ እንውሰድ። ከሩቅ ሲታይ ልዩነት የለውም፤ ዋጋው ግን ይቀንሳልና ባለ መኪናው ይመርጠዋል። የኋላዎቹ አራቱ 4,480 ኪሎ ብቻ ይችላሉ። በሃምሳ ኩንታል ጭነት በ1,260 ኪሎ ይበልጥባቸዋል፤ 1,120 ኪሎ የተፈቀደለት እያንዳንዱ ጎማ 1,435 ይሸከማል። በዚህ ጎማ መኪናዋ ልትጭን የሚገባት 32 ኩንታል ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። ሞተሩ ያው ነው፤ ሊብሬው ያው ነው፤ ቀለሙም ያው ነው። በአንዱ ጎማ 43፣ በሌላው ጎማ 32 ኩንታል። በደላላው አፍ ግን ሁልጊዜ ሃምሳ። የ11 ኩንታል ልዩነት በዓመት ስንት ምልልስ እንደሆነ፣ ስንት ብር እንደሆነ ነጋዴ ለነጋዴ አይነግርም። 50 ኩንታል ታመላልሳለች ብሎ የገዛ ሰው 32 ኩንታል የምታመላልስ መኪና ገዝቷል፤ ወይም ደግሞ ሳያውቅ አደጋ ገዝቷል።

ይህ ስሌት ለማሳያ የተወሰደ ነው። የእናንተን መኪና ባዶ ክብደት ከሊብሬው አንብቡ፤ ቢቻል የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ አስመዝኑ። ፋብሪካው ለአክስሉ የወሰነው ክብደት ጎማው ከሚችለው ካነሰ ደግሞ የሚገዛው አነስተኛው ነው። ጆንያ ሁሉ ኩንታል እንዳልሆነም አትርሱ። ተወጥሮ የተሰፋ የሽንኩርት ጆንያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከኩንታል ሊያልፍ ይችላል፤ በጆንያ ቆጥሮ የሚጭን ሰው ክብደቱን አያውቀውም።

የተረሳው ቸርኬ

ስለ ጎማ ጥቂት የሚናገር ቢኖር ስለ ቸርኬ የሚናገር የለም። ቸርኬም የራሱ ልክና የራሱ የጭነት ወሰን አለው፤ ብዙዎቹ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። 7.50 በ16 የሚለው ጎማ 6.00 በ16 ቸርኬ ይፈልጋል፤ 10.00 በ20 የሚለው 7.5 በ20፣ 11.00 በ20 የሚለው ደግሞ 8.0 በ20 ነው።

በአካባቢያችን የተለመደ አንድ ዘዴ አለ፦ «ጎማ ማሳደግ»። ባለ መኪናው ጭነት ለመጨመር 7.50ውን አውጥቶ በዚያው ቸርኬ ላይ 8.25 ያስገባል። ጎማው በእርግጥ ትልቅ ነው። ቸርኬው ግን ያው ነው፤ ቡሎኑ ያው ነው፤ የጎማ ኩሽኔታው ያው ነው፤ ፍሬኑም ያው ነው። ከዚህም በላይ ኋላ ያሉት ድርብ ጎማዎች ይወፍሩና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠብባል። ጭነት ሲበዛ ጎናቸው ተለጥጦ ይነካካል፤ ሲሽከረከሩ ይፋተጋሉ፤ ይግላሉ፤ ድንጋይም በመሐላቸው ይቀረቀራል። ጭነት ይጨምራል የተባለው ጎማ በሁለት በኩል ይበላል። «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይህ ነው።

ሌላው የቸርኬ ነገር ቀለበቱ ነው። የድሮ መኪኖች ቸርኬ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ክፍል ሆኖ ጎማውን የሚይዘው በብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከሌላ ቸርኬ የተወሰደ፣ የዛገ ወይም በመዶሻ የተቃና ከሆነ ንፋስ ሲሞላ ሊፈናጠር ይችላል። ሲፈናጠር ደግሞ ጎሚስታውን ሊገድል ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ጎማ ንፋስ መሞላት ያለበት በብረት ቅርጫት ውስጥ ገብቶ፣ ሰውየው በረዥም ቱቦ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ነው። በየመንገዱ ዳር ግን የሚሞላው አንድ ልጅ ጉልበቱን ቀለበቱ ላይ አድርጎ ነው። መኪና የምትገዙ ሁሉ ቸርኬው በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ መሰንጠቁን፣ መበየዱን፣ የዛገ ውኃ የሚመስል መስመር ከዳዶው ሥር መውረዱን እዩ። መስመሩ ካለ ዳዶው ላልቷል ማለት ነው። የተበየደ ቸርኬ ካለ አስወጥታችሁ ዋጋውን ቀንሱ።

መንገዳችን ምሕረት የለውም

«በሌላ አገር ይህን ያህል ይጭናሉ» የሚለውን ክርክር መንገዳችን አይቀበለውም። ከወልድያ ተነስቶ በድልብ ወደ ጋሸና የሚወጣውን፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩትን የወረታ መንገድ አስቡት። ሲወጣ ሞተሩ ይፈተናል፤ ሲወረድ ግን የሚፈተነው ጎማውና ፍሬኑ ነው። ረዥም ቁልቁለት ላይ ፍሬን የያዘ መኪና የፍሬን ታምቡሩ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ከመነዳሪውና ወደ ጎማው ከንፈር ይሻገራል። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ በራሱ መታጠፍና መዘርጋት ቀድሞ ግሏል። ሁለቱ ሙቀት ሲደመር ጎማው የሚፈነዳው ገደሉ ዳር ነው።

በሌላው በኩል ወደ ሐራና ወደ ሚሌ ሲወረድ ደግሞ መንገዱ ይስተካከላል፤ ሾፌሩ ፍጥነት ይጨምራል፤ ቆላው ይፋጃል። የጎማ ጠላቱ ሦስት ነው፦ ጭነት፣ ፍጥነትና ሙቀት። ሦስቱ በአንድ ላይ የሚገናኙት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ዐቀበቱን በዝግታ የተወጣ ትርፍ ጭነት ሜዳው ላይ ጎማ ያፈነዳል። የሾፌሩ ጥፋት ተደርጎ ይወራል፤ ጥፋቱ ግን የተፈጸመው ጭነቱ ሲጫን፣ ከዚያም በፊት መኪናዋ ስትገዛ ነው። ሕዝቡ ለአይሱዙ «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ስም እስከማውጣት የደረሰው መኪናው በተፈጥሮው ክፉ ሆኖ አይደለም። እኛ የጫንበት ነው ክፉ ያደረገው።

በድርብ ከታሰሩት አንዱ ሲተነፍስ ምን እንደሚሆንም እንመልከት። 1,320 ኪሎ የተፈቀደለት ጎማ የጓደኛውን ድርሻ ጨምሮ 2,640 ይሸከማል። ሾፌሩ ካቢና ውስጥ ሆኖ ላያውቀው ይችላል። ረዳቱ በየማረፊያው ወርዶ ጎማ ሲመታ የምናየው ለዚህ ነው፤ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ዱላ የተነፈሰውን ከሙሉው ይለያል እንጂ ግማሽ የጎደለውን አይለይም። የንፋስ መለኪያ ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት ጋር የሚወዳደር ዕቃ አይደለም፤ በየካቢናው ሊኖር ይገባል። ንፋስም የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው።

«ግን» ለሚሉ ወገኖች

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርቡትን መቃወሚያዎች ይህ ጸሐፊ ያውቃቸዋል፤ ከነጋዴ አፍ ሰምቷቸዋል።

የመጀመሪያው «ባሌስትራ ጨምረንበታል» የሚለው ነው። ባሌስትራ ሲጨመር ካሶኒው አይወርድም፤ ያ እውነት ነው። ዓይን ግን የሚታለለው በዚህ ነው። ድሮ መኪናዋ ዝቅ ስትል «በዛባት» ይባል ነበር፤ አሁን ቀጥ ብላ ስለቆመች ማንም አይናገርም። ባሌስትራው የቻለው ጭነት ግን በመጨረሻ የሚያርፈው ጎማው ላይ ነው።

ሁለተኛው «ቦሎ አለን፤ ሚዛንም አልፈናል» የሚለው ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራ አስፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ መኪናዋ የምትመረመረው ባዶዋን ነው፤ ጎማውም ከቦሎው ማግስት ሊቀየር ይችላል። የመንገድ ዳር ሚዛንም የቆመው መንገዱ እንዳይፈርስ ነው። መንገዱን የማይጎዳ ክብደት የእናንተን ጎማ አይጎዳውም የሚል የምስክር ወረቀት የትም አልተሰጠም።

ሦስተኛውና ጠንካራው መቃወሚያ የገንዘብ ነው። «በ32 ኩንታል ከሄድኩ የናፍጣዬን፣ የሾፌሬን፣ የመለዋወጫዬን አልሸፍንም፤ ሌላው ሃምሳ ይጭናል፤ ነጋዴው ወደ እሱ ይሄዳል» ይላል ባለ መኪናው። ይህ ክርክር ቀልድ አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ጨዋ ሆኖ ቢከስር ማንም አያመሰግነውም። ነገር ግን ሒሳቡ ሙሉ ይሁን። ከአቅም በላይ የተጫነ ጎማ ዕድሜው ያጥራል፤ ጎማ ደግሞ ዛሬ በዶላር የሚተመን ዕቃ ነው። መንገድ ላይ የቆመ የቲማቲም ጭነት ስኮርታ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ይበሰብሳል። ከተፈቀደው በላይ ጭኖ የተገለበጠ መኪና ጉዳይም ከመድን ድርጅት ጋር ክርክር ሊያስነሳ ይችላልና ውላችሁን ዛሬውኑ አንብቡ። በትርፉ 18 ኩንታል የተገኘው ገንዘብ ይህንን ሁሉ ሲከፍል ምን እንደሚተርፍ እያንዳንዱ በደብተሩ ይቁጠር። የኔ ግምት የሚተርፈው ጥቂት ነው የሚል ነው።

በደብተር የማይቆጠር ነገርም አለ። ከጭነቱ አናት ላይ፣ ሽራው ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ረዳት የሰው ልጅ ነው። ቀኑ የመሸባት እናትም «ልጄ፣ እስከ ውርጌሳ አድርሰኝ» ብላ ተለምና ትሳፈራለች። ጎማው ሲፈነዳ ኩንታሉን የሚከፍል ይገኝ ይሆናል። እነሱን የሚከፍል የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ገዢው። ያረጀ መኪና ስትገዙ ከሊብሬው ጋር አንድ ወረቀት ያዙ። ስድስቱንም ጎማና ስኮርታውን ለየብቻ ጻፉ፦ መጠን፣ የጭነት ቁጥር፣ ፒአር፣ የተሠራበት ዓመት። የቸርኬውንም መጠን ጨምሩበት። ስድስት ጎማ ስድስት ዓይነት ቁጥር ካለው የሚቆጠረው ትንሹ ነው። ቁጥሩ ጠፍቶ ወይም ተፍቆ የማይነበብ ጎማ፣ ታድሶ የጎኑ ጽሑፍ የጠፋ ጎማም ቢሆን፣ እንደሌለ ይቆጠር። ከዚያ በኋላ ዋጋ ጥሩ። ጎማ መለወጥ ካለበት የጎማው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይነሳ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ክርክሩ ከክፍያ በፊት ይሁን።

ሁለተኛ፣ ደላላው። ደላላ በገበያችን ውስጥ የሚንቁት ብዙዎች ቢሆኑም ገበያው ያለ እሱ አይንቀሳቀስም። ስሙ የሚከበረው ግን ቃሉ ሲታመን ነው። «ሃምሳ ትጭናለች» ከማለት «የኋላ ጎማዋ 122/118 ነው፤ 43 ትጭናለች» ያለ ደላላ አንድ ጊዜ ኮሚሽኑ ቢያንስበት ሁለተኛ ጊዜ የሚፈለገው እሱ ነው። ውል ሲጻፍ የጎማው ቁጥር በውሉ ውስጥ ይግባ። ዛሬ የሻንሲ ቁጥር ሳይጻፍ ውል እንደማይፈረም ሁሉ ነገ የጎማው ቁጥር ሳይጻፍ እንዳይፈረም ልማዱን የሚያመጡት ደላሎች ናቸው።

ሦስተኛ፣ ጭነት አስጫኙ ነጋዴ። ይህ ጸሐፊ ትልቁን ኃላፊነት የሚጥለው በእሱ ላይ ነው። ባለ መኪናው ከአቅም በላይ የሚጭነው ነጋዴው በዚያ ዋጋ ስለሚጠይቀው ነው። ወልድያ ላይ መጋዘን ያላችሁ፣ መርሳ ላይ ሽንኩርት የምትሰበስቡ፣ በመኪና ሳይሆን በኩንታል ተስማሙ። «መኪናውን ሙላልኝ» የሚለው ትእዛዝ ይቅር። ንብረቱ የእናንተ ነው። በማታውቁት ጎማ ላይ የምታሳድሩት የራሳችሁን ካፒታል ነው። ጭነት ከመጫኑ በፊት ጎንበስ ብሎ ሁለት የኋላ ጎማ ማንበብ ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ ያለቀ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ በአንድ መስመር የሚሠሩ ባለ መኪኖች። አንዱ ብቻውን ከቀነሰ ይከስራል፤ ሁሉም አብረው ከቀነሱ ግን የኩንታል ዋጋ ራሱ ይስተካከላል። ማኅበር ያላቸው በማኅበራቸው፣ የሌላቸው በየመናኸሪያቸው ተነጋግረው ለየመኪናው ዓይነት የማይታለፍ ኩንታል ቢወስኑ ከማንም መመሪያ ይልቅ ይሠራል።

«ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ይላሉ አበው። የጭነት መኪና ሥሩ ጎማው ነው። ከላይ ያለውን ሞተር፣ ካቢናና ቀለም ስናደንቅ ቆይተናል። ከእንግዲህ ወዲህ ግን ደላላው «የሃምሳ ኩንታል ናት» ሲል መልሳችን አንድ ይሁን፦ «ይሁን ወንድሜ፤ እስቲ ጎንበስ በልና አንብብልኝ።»